ብቻን ተቀምጦ ዓለምን ስለ መሥራት

«ብቻውን የሮጠ የሚቀድመው የለም» የሚለውን ተረት ሁላችንም እናውቀዋለን። የተባለው ለሽሙጥ ነው፤ ነገር ግን በሽሙጡ ውስጥ አንድ የማያስቅ ጥያቄ ተደብቋል። ብቻውን የሚሮጥ ሰው ሩጫው እውነተኛ ሩጫ ይሆንለት ዘንድ ምን ቢያደርግ ይሻላል? ሰዓት ይያዝ የሚለው መልስ ለሯጭ ይበቃ ይሆናል። ብቻውን ታሪክ ለሚፈጥር ሰው ግን ሰዓት አይጠቅመውም። ጀግናውን የሚፈጥር እርሱ፥ ጠላቱን የሚፈጥር እርሱ፥ ፍርዱንም የሚሰጥ እርሱ ራሱ ሲሆን፥ ከሳሹም ተከሳሹም ዳኛውም አንድ ሰው የሆነበት ችሎት ማለት ነውና ውሳኔው አስቀድሞ የታወቀ ነው።

ለዚህ ጥያቄ በትጋት መልስ ያበጁለት ሰዎች ፈላስፎች ሳይሆኑ ጨዋታ ወዳዶች ናቸው ብል አንባቢዬ ይታዘበኝ ይሆናል። ነገሩ ግን እንዲህ ነው።

«የሚና ጨዋታ» በአሜሪካ የተወለደ የጠረጴዛ ጨዋታ ነው። አራት ወይም አምስት ሰዎች ወረቀትና እርሳስ ይዘው ይቀመጣሉ። አንዱ አጫዋች ይሆናል፤ የቀሩት እያንዳንዳቸው የአንድ ልብ ወለድ ሰው፥ የጦረኛ ወይም የሌባ ወይም የመርከበኛ፥ ሚና ይይዛሉ። አጫዋቹ «ከፊታችሁ የተዘጋ በር አለ፤ ከበስተኋላው የሰው ድምፅ ይሰማል» ይላል፤ እነርሱም የሚያደርጉትን ይነግሩታል። መሳካቱ የሚያጠራጥር ነገር ሲመጣ ዳይስ ይጣላል። ዳይስ የምለው በስድስት ገጾቹ ላይ ከ1 እስከ 6 የተነጠበበትን ትንሽ ኩብ ሲሆን፥ ለዚህ ጨዋታ ዐሥርና ሃያ ገጽ ያላቸውም ተሠርተዋል። ማንም ማንንም አያሸንፍም፤ የሚቀረው ታሪኩ ነው።

የዚህ ጨዋታ በኵር የሆነው ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ በ1974 (ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር እጽፋለሁ) በዊስኮንሲን ግዛት ሌክ ጄኔቫ በምትባል ከተማ ታተመ። ደራሲዎቹ ጌሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን ነበሩ፤ የመጀመሪያውም እትም 1,000 ቅጂ ብቻ ነበረ። ጨዋታው ጓደኛ ሰብስበው የሚጫወቱት መሆኑ ግልጽ ነው። ሆኖም ብዙ ሳይቆይ «ሰው ያጣ ምን ያድርግ?» የሚለው ጥያቄ መጣ። በ1975 ጸደይ ዘ ስትራተጂክ ሪቪው የተባለው መጽሔት በመጀመሪያው ቁጥሩ ላይ ጋይጋክስ ለብቻ ተጫዋች ያዘጋጃቸውን ሰንጠረዦች አወጣ፤ የዚሁ ዓይነት ሰንጠረዦችም ሰፋ ብለው በ1979 በታተመው የአጫዋቾች መምሪያ መጨረሻ ላይ ገቡ።

አሠራራቸው ቀላል ነው። ተጫዋቹ ከመሬት በታች ወዳለ የጨለማ ሕንፃ ይወርዳል፤ ካርታውን ግን ማንም አልሠራለትም። ጥቂት እንደ ሄደ ሃያ ገጽ ያለውን ዳይስ ይጥላል። 1 ወይም 2 ቢወጣ መተላለፊያው ቀጥ ብሎ ይቀጥላል፤ ከ3 እስከ 5 ቢወጣ በር ነው፤ 18 ቢወጣ መንገዱ ተዘግቶ ይቀራል፤ 20 ቢወጣ በዚያ የሚዞር አውሬ ከፊቱ ይቆማል። የወጣውን በወረቀቱ ላይ ይስላል፤ ካርታውም እግሩን እየተከተለ ያድጋል።

ይህ ትልቅ ብልሃት ነው፤ ጉድለት ግን አለበት። እንዲህ ያለው ሕንፃ ማን እንደ ሠራው አይታወቅም። ወጥ ቤቱ ከመቃብሩ አጠገብ ይገኛል፤ ደረጃው ወደ ምንም ይወርዳል፤ ሠላሳ ክፍል ተስሎ ካለቀ በኋላ እንኳ ሰው ኖሮበት የማያውቅ ቤት ይመስላል። ሰንጠረዡ መንገድን ያውቃል እንጂ ምክንያትን አያውቅም። ከምድር በላይ ላለው አገርማ መጀመሪያ ላይ ሰንጠረዡም አልበቃም፤ የ1974ቱ መጽሐፍ ተጫዋቾቹን አውትዶር ሰርቫይቫል ከተባለ፥ በ1972 ከወጣ የሌላ ድርጅት ጨዋታ ላይ ካርታውን ወስደው እንዲጠቀሙበት ይመክር ነበር። በበረሃ በረሃብና በጥም ላለመሞት የሚደረግ ጨዋታ ነውና ካርታው ለመንከራተት የሚመች ነበረ።

በእኔ አስተያየት ነገሩ በእውነት ዓለም መሥራት የሆነው በ1977 ነው። በዚያ ዓመት ማርክ ሚለር ትራቨለር፥ ማለት መንገደኛ፥ የተባለውን የጠፈር ጨዋታ አወጣ። መጽሐፉ ብቻን መጫወትን ከሦስቱ የጨዋታ ዓይነቶች አንዱ አድርጎ በግልጽ ይቈጥረዋል። በነገራችን ላይ በዚህ ጨዋታ ጀግናው ጨዋታው ሳይጀመር ሊሞት ይችላል። ያለፈ የሥራ ዘመኑ በዳይስ ይወሰናልና በአገልግሎት ላይ ሳለ ቢሞት ወረቀቱ ተቀድዶ ሌላ ሰው ይፈጠራል። ብዙዎች ይህን እንደ ጭካኔ አይተውታል፤ ለእኔ ግን ዳይሱ ማባበል እንደማያውቅ ገና ከበሩ የሚያስታውቅ ጥሩ ደንብ ይመስለኛል።

ወደ ዓለማቱ ልመለስ። ተጫዋቹ በወርዱ ስምንት በቁመቱ ዐሥር ቤት ያለው፥ እያንዳንዱም ቤት ባለ ስድስት ጎን የሆነ ወረቀት ይዞ በየቤቱ ዓለም መኖር አለመኖሩን በአንድ ዳይስ ይጠይቃል። ዓለም በተገኘበት ቤት ሁለት ዳይስ እየጣለ የጠፈር ወደቡን፥ የዓለሙን መጠን፥ አየሩን፥ ውሃውን፥ ሕዝቡን፥ መንግሥቱንና ሕጉን በቅደም ተከተል ያወጣል። ብልሃቱ ያለው በቅደም ተከተሉ ላይ ነው። አየሩ የሚገኘው ከዳይሱ ድምር ላይ 7 ተቀንሶ የዓለሙ መጠን ሲጨመርበት ነው፤ ትንሽ ዓለም አየር መያዝ አይችልምና። መንግሥቱ በሕዝቡ ብዛት ላይ፥ ሕጉም በመንግሥቱ ዓይነት ላይ በዚያው ስሌት ይቆማል። ስለዚህ የወጡት ቁጥሮች እንደ ተበተነ ጥራጥሬ አይደሉም፤ አንዱ ሌላውን ይወልዳል። የ1975ቱ ሰንጠረዥ ያልነበረው ይህ ነው።

ለዚህ ጽሑፍ ስል አንድ ዓለም ጣልሁ። ወደቡ 10 ወጣ፤ በሰንጠረዡ ይህ ምልክት የተደረገበት ራቁት ዐለት ነው፤ ነዳጅም መጠገኛም የለበትም። መጠኑ 5 ወጥቶ 2 ሲቀነስ 3 ሆነ፤ አቋራጩ 4,800 ኪሎ ሜትር ያህል፥ ከጨረቃ የሚበልጥ ከማርስ የሚያንስ ዓለም ማለት ነው። አየሩ 5 ወጣ፤ 7 ቀንሼ 3 ስጨምር 1 ሆነ፤ ሊተነፍሱት የማይቻል፥ ስሙ ብቻ አየር የሆነ ነገር ነው። ውሃ የለም። ይህን ጊዜ ማን ይኖርበታል ብዬ ነበር፤ ሕዝቡ ግን 9 ወጥቶ 2 ሲቀነስ 7 ሆነ፤ በሰንጠረዡ 7 ማለት በዐሥር ሚሊዮኖች የሚቈጠር ሕዝብ ነው። መንግሥቱ 8 ወጣ፤ 7 ተቀንሶ የሕዝቡ 7 ሲጨመር ያው 8 ሆነ። የ8 ቁጥር መንግሥት ምን እንደ ሆነ ስመለከት ፈገግ አልሁ፤ የመንግሥት ሠራተኞች ራሳቸው የሚገዙት አገር ነው። (9 ቢሆን ኖሮ ደግሞ ሕዝቡን የማያውቅ ቢሮክራሲ ይሆን ነበር። ሚለር ሁለቱን በሁለት ተራ መለየቱን የቢሮ ሰው ሁሉ ያመሰግነዋል ብዬ አምናለሁ።) ሕጉም ዳይሱ 8 ወጥቶ 9 ሆነ፤ ከቤት ውጭ ማናቸውንም መሣሪያ መያዝ ክልክል ነው።

እንግዲህ እንመልከት። ዐሥር ሚሊዮኖች ሕዝብ በማይተነፈስበት ዐለት ላይ ይኖራል፤ የሚገዛው የቢሮ ሰው ነው፤ ሕጉ ጥብቅ ነው፤ ያን ያህል ሕዝብ ይዞ ግን አንድ ደኅና ወደብ አልሠራም። ስለ ምን? ይህን ሰንጠረዡ አይነግረንም። እዚህ ላይ ነው የሰው ሥራ የሚጀመረው። እኔ ብቻዬን ዓለም ፍጠር ብባል ለምለም ሸለቆና አንድ ወንዝ፥ ምናልባትም በተራራ ላይ አንድ አሮጌ ግንብ እሠራ ነበር፤ ሁላችንም የምንሠራው ያንኑ ነውና። ዳይሱ የሰጠኝ ግን ከምኞቴ ጋር ምንም ዝምድና የሌለው አራት ግትር ነገር ነው። አራቱን የሚያስታርቅ ምክንያት ስፈልግ ያገኘሁት ሐሳብ የእኔ ነው፤ ሆኖም ያለ እነርሱ ወደዚያ አልሄድም ነበር።

ዓለሙ ከተገኘ በኋላ አጫዋቹ የለምና ሁለተኛው ችግር ይመጣል፤ ተጫዋቹ ሲጠይቅ ማን ይመልስለታል? ለዚህ በሰፊው የታወቀው መሣሪያ ታና ፒጅን በ2003 ያወጣችውና በ2006 አጫዋቹን የሚተካው ክፍል ለብቻው የታተመለት ሚቲክ የተባለው ሥራ ነው። ደንቡ ሲጠቀለል እንዲህ ነው፤ አዎን ወይም አይደለም የሚባልበት ጥያቄ ጠይቅ፤ ከመጣልህ በፊት መልሱ አዎን የመሆኑን ዕድል በሐቀኝነት ገምት፤ ከዚያ ጣል። ሚቲክ መቶኛ ቁጥር የሚያወጣ ዳይስ ይጠቀማል፤ ነገሩ ከጀግናው እጅ እየወጣ ሲሄድ ከፍ፥ ሲረጋ ዝቅ የሚል ከ1 እስከ 9 የሆነ የሁከት መለኪያም አለው። ለጀማሪ ግን አንድ ተራ ዳይስ ይበቃዋል፤ አዎን የሚያሰኘው ነገሩ ይሆናል ተብሎ ሲገመት ከ3 ጀምሮ፥ እኩል ሲሆን ከ4 ጀምሮ፥ የሚያጠራጥር ሲሆን ከ5 ጀምሮ ነው።

በዐለቱ ዓለም ላይ ሦስት ጥያቄ ጠየቅሁ። አየሩን የሚያከፋፍለው መንግሥት ነውን? ይመስላል ብዬ ጣልሁ፤ 5፥ አዎን። ለሁሉ እኩል ይደርሳልን? እኩል ነው ብዬ ጣልሁ፤ 2፥ አይደርስም። ሕዝቡ እኩል አለመሆኑን ያውቃልን? እንዴት አያውቅም፥ የራሱ ሳንባ አይነግረውምን ብዬ ጣልሁ፤ 1፥ አያውቅም። በዚህ ጊዜ ታሪኩ መልክ ያዘ። ሕዝቡ የማያውቅ ከሆነ የሚያውቀው መዝገቡን የያዘው ብቻ ነው። ወደቡም ያልተሠራው ከውጭ የመጣ መንገደኛ መለኪያ ይዞ እንዳይገባ ነው። ጀግናዬ ወታደር ወይም ሽፍታ ሊሆን ይችል ነበር፤ አሁን ግን ሌላ ሰው ሊሆን እንደማይችል ግልጽ ሆነ፤ ድምሩ አልገጥም ያለው አንድ ወጣት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነው።

«አይደለም» የተባለው መልስ ከ«አዎን» ይልቅ ዓለሙን እንዳሰፋው አንባቢ ልብ ይበል። የብቻ ተጫዋች ሁሉ ፈተናም እዚሁ ላይ ነው። ዳይሱ ያልተፈለገ መልስ ሲሰጥ እንደገና መጣልን የሚከለክል ሰው በክፍሉ ውስጥ የለም። የሚያየው የለም፤ የሚታዘበው የለም። ነገር ግን አንድ ጊዜ እንደገና ከጣለ ወዲያ የቀረው ሁሉ የቀን ሕልም ይሆናል፤ ብቻውን የሮጠው ሰውዬ ማለት ነው። ለዚህ የማውቀው መድኃኒት ጥብቅ ጠባይ ሳይሆን ጥሩ ጥያቄ ነው። ሁለቱንም መልስ ልትሸከመው የምትችለውን ብቻ ጠይቅ። «ጀግናው በዚህ ሌሊት ይሞታልን?» ተብሎ ከተጠየቀ በኋላ አዎን ሲወጣ የሚያዝን ሰው መጀመሪያውንም ዳይሱን ባያስቸግር ይሻለው ነበር። የማይደራደሩበትን ነገር እንደ እውነት በደብተር ላይ መጻፍ ነውር የለበትም፤ ነውሩ ጠይቆ መልሱን መካድ ነው።

ተቃራኒው ሕመምም አለ፤ ሁሉን ነገር መጠየቅ። ጀግናው ወደ ሻይ ቤት ገባ፤ ጠረጴዛው ክብ ነውን? አሳላፊው ጢም አለውን? ዝናብ ይዘንባልን? እንዲህ ሲባል አንድ ሰዓት ያልፋል፤ ሻይው ግን አልቀረበም። ሚቲክ ከሰንጠረዡ ሁለት ቃላት አውጥቶ ትርጉሙን ለተጫዋቹ የሚተውበት መንገድም አለው፤ ለምሳሌ «መሸሸግ» እና «አባት» ቢወጡ ምን ማለት እንደ ሆነ ያስባል። ይህ በአንድ ምሽት ሁለት ሦስት ጊዜ ሲሆን እንደ ቅመም ነው፤ በየደቂቃው ሲሆን ወጥ የሌለበት ቅመም ይሆናል።

የሾን ቶምኪን አይረንስዎርን በ2018 ሲወጣ ለዚህ ሁሉ የተሻለ ሚዛን አመጣ። የኤሌክትሮኒክ ቅጂው በነፃ የሚሰጥ በመሆኑ ብዙ ሰው ብቻን መጫወትን ያወቀው በእርሱ ነው። መጽሐፉ የአገሩን ነገር አብዝቶ አይተርክም፤ ስለ አሮጌው ምድር፥ ስለ ብረቱ፥ ስለ መሪዎቹ፥ ስለ ሃይማኖቱና ስለ መሳሰለው በየርእሱ ሦስት ሦስት አማራጭ እውነት ያቀርብና አንዱን ምረጥ፥ ወይም የራስህን ጻፍ ይላል። ሰዎቹ ከአሮጌው ምድር የተሰደዱት ጠላት አባርሯቸው ነው? በሽታ ጨርሷቸው ነው? ወይስ ምድሪቱ አልችል ብላቸው? ይህን ለመምረጥ አንድ ምሽት ይበቃል። ከዚያ ጀግናው ስእለት ይሳላል፤ ዓለሙ የሚገለጠውም ስእለቱን ለመፈጸም በሚሄድበት መንገድ ላይ ነው። አንድ ነገር ሲሞክር ባለ ስድስቱን ዳይስ ጥሎ ችሎታውን ይጨምርና ከሁለት ባለ ዐሥር ዳይሶች ጋር ያስተያያል። ሁለቱን ቢበልጥ ተሳካ፤ አንዱንም ባይበልጥ ጉዳት አለ፤ አንዱን ብቻ ቢበልጥ ነገሩ ይሳካል፥ ግን ዋጋ ያስከፍላል። ይህ መካከለኛው መልስ ከሁሉ ይበልጥብኛል። በኑሮም እንደምናየው አብዛኛው ስኬት ይህን የመሰለ ነውና።

ስንት ያህል ዓለም ይሠራ? እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይጠፋል። የነገሥታት የዘር ሐረግ፥ የገንዘብ ምንዛሪ፥ የአራት መቶ ዓመት ታሪክ፥ የወንዞች ስም እየተጻፈ ደብተር ይሞላል፤ በዚያ ሁሉ አገር ላይ ግን አንድ ሰው እንኳ ከቤቱ አልወጣም። ደንቡና ቅጹ ሁሉ ተሟልቶ ባለጉዳይ ያልገባበትን መሥሪያ ቤት ይመስላል። በ2010 ስታርስ ዊዝአውት ነምበርን ያወጣው ኬቪን ክሮፎርድ ለአጫዋቾች የሚሰጠው ምክር ለብቻ ተጫዋችም ይስማማል፤ ለሚቀጥለው ጨዋታ የማያስፈልግህን፥ ስትሠራውም ደስ የማይልህን ነገር አትሥራ የሚል ነው። የእርሱም መሣሪያ ቁጥብ ነው። ለእያንዳንዱ ዓለም ሁለት መለያ ይሰጠዋል፤ መለያዎቹ ሲጋጩ ነገር ይፈጠራል። አንድ ዓለም የንግድ መናኸሪያ ነው ተብሎ ደግሞ ወደ እርሱ መግባት የተከለከለ ነው ቢባል፥ ሌላ ታሪክ መጻፍ አያስፈልግም፤ ኮንትሮባንዲስቱ ራሱ በሩን ያንኳኳል።

ከዚህ ደንብ ውጭ የሆነ አንድ ሥራ ብቻ ልጥቀስ። ቶኒ ዳውለር በ2008 ያወጣው ሃው ቱ ሆስት ኤ ዳንጀን የተባለው የብቻ ጨዋታ ጀግና የለውም። ተጫዋቹ በወረቀቱ ላይ ምድርን በቁመቷ ቈርጦ ይስላል፤ ዘመን ያልፋል፤ ሕዝብ ይመጣል፥ ይቈፍራል፥ ይከብራል፥ ይጠፋል፤ በፍርስራሹ ውስጥ አውሬ ይገባበታል። ሲያልቅ ያ የ1979ኙ ሕንፃ ያጣው ምክንያት በእጅ ላይ ይገኛል፤ ወጥ ቤቱ ለምን ከመቃብሩ አጠገብ እንደ ሆነ ይታወቃል። የዚህ ዓይነቱን ሥራ አስቀድሞ አንድ ምሽት ተጫውቶ፥ በሌላው ምሽት ጀግናን ይዞ ወደዚያው መውረድ ይቻላል።

መሣሪያው ርካሽ ነው፤ ሁለት ዳይስና አንድ ደብተር። ደብተሩ ግን ዋናው ነው። በአንዱ ገጽ የሰዎቹ ስም፥ በሌላው ያልተዘጉት ጉዳዮች ይጻፋሉ፤ ሚቲክም ያልታሰበ ነገር ሲያስነሣ ከእነዚህ ዝርዝሮች ይጠራልና፥ በመጀመሪያው ቀን አንድ ጊዜ ታይታ የተረሳች እንጀራ ሻጭ በዐሥረኛው ቀን መልእክት ይዛ ትመጣለች። ከትምህርት ቤት ጓደኞቹ ተለይቶ ሩቅ ቦታ ለተመደበ፥ ከመብራት በኋላ ሬድዮውና ግድግዳው ብቻ ለቀሩት ወጣት ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ጓደኛን ይተካል አልልም፤ አይተካም። የሚያነጋግረው ግን ከራሱ ምኞት የተለየ ነገር ነው።

በዐለቱ ዓለም ላይ የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ የመዝገቡን ግልባጭ በልብሱ ሥር አድርጎ ከቤቱ ወጥቷል። መሣሪያ አልያዘም፤ ክልክል ነውና። በትራቨለር ደንብ በመንገድ ላይ ፖሊስ ቢያገኘው ሳይያዝ የሚያልፈው በሁለት ዳይስ የሕጉን ቁጥር፥ ማለት 9 ወይም ከዚያ በላይ ሲጥል ነው፤ ከ36ቱ ዕድል 10ሩ ብቻ። ቢያልፍ የሚሄደው ወደዚያ ራቁት ዐለት ነው፤ በዚያ መርከብ ይኖር እንደ ሆነ «ያጠራጥራል» ብዬ ጽፌአለሁ፤ ከ5 ጀምሮ ነው።